ለአማት የተሠራ ምድጃ

ሸዋ ሮቢት ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ወርቁን የማያውቅ ሰው ካለ ገና ቤቱ ዕቃ አልተበላሸበትም ማለት ነው። መተዳደሪያው እንኳ ሌላ ነው። በደሴ መንገድ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ጓሮ አንሶላና ፎጣ ያጥባል፣ ያሰጣል፣ ይተኩሳል። በዚያ ሙቀት አንሶላው እንደተሰጣ ስለሚደርቅ ከሌላ አገር አጣቢ ይልቅ ትርፍ ጊዜ አለው። ሌላው ሰው ትርፍ ጊዜውን ካርታ ይጫወትበታል፣ ጥላ ፈልጎ ይተኛበታል፤ ወርቁ ግን የሰው ዕቃ ይፈታበታል። ካውያ፣ ማራገቢያ፣ ራዲዮ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ብቻ የመጣለትን ሁሉ በካቻቢቴው ይከፍተዋል። «ማን አስተማረህ?» ሲሉት «እጄ!» ይላል። እውነትም ሌላ አስተማሪ አልነበረውም። ይህን ሲል ደረቱ ትንሽ ወደ ፊት ይወጣል። ደረቱን ያየ ሰው አንድ ቀን ጣጣ ያመጣበታል ብሎ መጠርጠር ነበረበት፤ ግን ዕቃው እየተሠራለት ማን የሰው ደረት ያያል?

ሚስቱ ንግሥት የደብረ ሲና ልጅ ናት። ደብረ ሲና በመኪና ሩቅ አይደለም፤ ዳገቱን ሲወጡት ግን አየሩም ሌላ፣ የሰዉ አለባበስም ሌላ ነው። እዚህ ሰው በከነቴራና በነጠላ ጫማ ሲውል እዚያ ጋቢ ከትከሻ አይወርድም። የንግሥት እናት እትዬ ትርንጎ ልጃቸውን ወደ ቆላ ሲድሩ «ወይ ልጄን፣ በቁሟ ልትቀቀልብኝ ነው» ብለው አልቅሰው ነበር። አማቻቸውን ግን ወደዱት። ፍቅራቸውንም እንደ ድሮ ሰው በአክብሮት ነው የሚገልጹት። አንቱ ይሉታል፤ እሱም አንቱ ይላቸዋል። ሲገባ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ እሱም በፊታቸው እግሩን አይዘረጋም፣ ጮክ ብሎ አይስቅም፣ ሳይጋበዝ አይቀመጥም።

ይህ ለወርቁ ቀላል ነገር አልነበረም። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ «አንተ!» ብሎ ነው የሚጠራው። እንግዳው «አጣቢው የት ሄደ?» ይላል። የባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ «ሳሙና» የሚል ስም አውጥተውለታል። በዚህች ምድር ላይ ወርቁ ሲገባ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣለት አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም የአማቱ ቤት ነው። ስለዚህ ደብረ ሲና ሲወጣ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ይተኩሳል።

የምድጃው ነገር የጀመረው እንዲህ ነው። በቆላው ከተማ ከሰዓት በኋላ ማራገቢያው ሁሉ ይሽከረከራል፣ የየግሮሰሪው ፍሪጅ ሁሉ ያጓራል፣ መብራቱም አቅም ያጣል። አምፖሉ ቢጫ ይሆናል። ምድጃ ላይ የተጣደ ሽሮ ደግሞ ዝም ብሎ ያፈጣል እንጂ አይንተከተክም። የወርቁ ቤት ምድጃ ሁሉም ቤት ያለው ዓይነት ነበር፦ ክብ ሸክላ፣ ሸክላው ላይ ቦይ፣ ቦዩ ውስጥ የሚግለው ጥምዝምዝ ሽቦ፣ ሰዉ ሬዚስታንስ የሚለው። አንድ ቀን ሽቦው ተበጠሰ። ወርቁ የተቃጠለውን ጫፍ በፒንሳ ቆርጦ ጣለና የቀረውን ስቦ ከቦታው አገናኘው። ሲሰካው፣ ያ በሽተኛ ምድጃ ከዱሮው ይልቅ ቀላ። ሽሮውም ተንተከተከ። ንግሥት እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

ወርቁ ሽቦው ባጠረ ቁጥር ሙቀቱ እንደሚብስ የገባው ያኔ ነው። ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። በማግስቱ ትንሽ ጨምሮ ቆረጠ። ከዚያም ትንሽ። ልብስ ሰፊ ሱሪ እንደሚያሳጥር እየለካ እየቆረጠ፣ ምድጃውን በሸዋ ሮቢት የከሰዓት መብራት ልክ ሰፋው። ወሬው ግቢውን ዞረ። በር ላይ ሳንቡሳ እየጠበሰች የምትሸጠው ጎረቤቱ ራቢዓ የራሷን ይዛ መጣች፤ ከእሷ በኋላ ሌሎችም መጡ።

አንድ ነገር ብቻ ያስቸግር ነበር። አንድ ቀን ጧት፣ ማራገቢያው ሁሉ ጠፍቶ መብራቱ ገና ሙሉ ሳለ፣ ወርቁ ለሻይ ብሎ ምድጃውን ሰካው። ሽቦው ቀላ፤ ከቅላት አለፈና ነጣ፤ ገመዱ እጁ ላይ እንደ ማስቲካ ለሰለሰ። ዘሎ ነቀለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃ ላሳጠረለት ሁሉ «ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው! ጧት መብራቱ ሲጠነክር እንዳትሰኩት!» እያለ ያስጠነቅቃል። ራቢዓንማ አስምሏታል።

ጥር ላይ ንግሥት «ለእማዬ አንድ ሥራላት» አለችው። «ጉልበቷ ብርድ ገብቶበታል። የእንጨቱ ጭስም ዓይኗን ጨረሰው። አጠገቧ አድርጋ ትሞቀዋለች፤ ሻይዋንም ታፈላበታለች።»

ወርቁ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው። ከብየዳ ቤት ቁርጥራጭ ብረት ለምኖ እግር አወጣለት፤ እትዬ ትርንጎ ጎንበስ እንዳይሉ እግሩን ከፍ አደረገው። ዙሪያውን በቆርቆሮ ሸፈነው፣ አረንጓዴ ቀባው፣ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመለት። ከሰዓት ከሰዓት እየሰካ ሞከረው። ፈጥኖ እንዲግል፣ አማቱ በብርድ እንዳይጠብቁ ብሎ፣ ከሌላው ሁሉ ምድጃ ይበልጥ ሽቦውን አሳጠረው። ደብረ ሲና መብራቱ ጉልበተኛ መሆኑን ያውቃል። በሄደ ቁጥር አምፖሉ ዓይኑን ሲወጋው አይቷል። ግን ያን ሰሞን ስለ መብራት አላሰበም። ያስብ የነበረው ሴቶቹ ተሰብስበው ምድጃውን ሲያዩ የአማቱ ፊት ምን እንደሚመስል ነው። ለዚህም ሲል የማርያም ማኅበራቸው እሳቸው ቤት የሚውልበትን ቀን መርጦ፣ ምድጃውን በአንሶላ ጠቅልሎ ወጣ።

ሲደርስ ቤቱ ሞልቷል። ማኅበርተኞቹ ዳቦና ጠላ ይዘው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እትዬ ትርንጎ ተነሡለት። እሳቸው ሲነሡ ሌሎቹም ሴቶች ተነሡ። ወርቁ አንሶላውን ሲገልጠው «ውይ ሲያምር!» ተባለ፤ እግሩን የዳሰሰችም፣ ቀለሙን ያደነቀችም አለች። «እጅዎ ይባረክ» አሉ እትዬ ትርንጎ። ከዚያም ሶኬቱን ራሳቸው ሄደው አሳዩት። «ይቺ ናት። ታከለ ነው ያስገባት።»

ጋሽ ታከለ ባላቸው ነበሩ፤ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። መንገድ ሥራ ላይ የኖሩ ሠራተኛ ነበሩ። መብራት ወደ ሰፈሩ ሲገባ ሰው አልቀጠሩም፤ በገዛ እጃቸው፣ በእረፍት ቀናቸው፣ ገመዱን በጭቃው ግድግዳ ላይ እየቸነከሩ ከበሩ እስከ ጓዳ ዘረጉት። እንደ ክር ቀጥ ያለ ነበር። እትዬ ትርንጎ ቤታቸው ለመጣ ሰው ሁሉ ያንን ገመድ ሳያሳዩ አይሸኙም። ከባላቸው የቀረላቸው አንድ ፎቶና ያ ገመድ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

ወርቁ ሰካው። ማብሪያውን ተጫነ። ሽቦው ወዲያው ቀላ፤ ሴቶቹ «እሰይ!» አሉ። ብርቱካን መሰለ፤ ጉልበታቸውን ወደ ሙቀቱ አስጠጉ። ከዚያ ነጣ። የጎማ ሽታ መጣ። ወርቁ ነገሩ ገብቶት እጁን ሲሰድ ከሶኬቱ ላይ ጭስ ወጣ፣ ጭሱን ነበልባል ተከተለው፣ ገመዱም ግድግዳው ላይ እየተንጨረጨረ ወደ ላይ መንደድ ጀመረ። ሴቶቹ «እግዚኦ!» እያሉ ወደ በሩ ተግተለተሉ። አንዷ፣ ጎረቤታቸው ማርታ፣ ሮጣ ወጥታ ቆጣሪውን አጠፋችው። ወርቁ መሰኪያውን በጋቢ ጠቅልሎ ነቀለው፤ ጣቶቹ ተላጡ። ሌላ የተጎዳ ሰው የለም። በነጩ ግድግዳ ላይ ግን ጥቁር መስመር ቀረ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። «ምን ሆነ?» አሉ እትዬ ትርንጎ።

ምን እንደሆነ ያውቃል። እዚያች ክፍል ውስጥ ከነበሩት ሁሉ እሱ ብቻ ያውቃል። ለሻይ ብሎ የሰካበት ያ ጧት፣ የነጣው ሽቦ፣ የለሰለሰው ገመድ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበት። «ምድጃው ነው፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ለማለት አፉን ከፈተ። የተነሡለት ሴቶች ሁሉ ያዩታል። አማቱ ያዩታል።

«ገመዱ ነው» አለ።

እዚህ ላይ ቢያቆም እንኳ አንድ ነገር ነበር። አላቆመም። «አርጅቷል። ሲዘረጋም በትክክል አልተዘረጋም። እግዜር ነው ያተረፈዎት እትዬ፤ አንድ ቀን ተኝተው ሳሉ ይፈጅዎት ነበር።» ይህን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ከየት እንዳመጣው እሱም አያውቅም።

«ወይ ታከለ!» አለች አንዷ ማኅበርተኛ በቀስታ። እትዬ ትርንጎ ግድግዳውን አዩት፣ አዩትና «ታከለ እንኳ ሥራ አያበላሽም ነበር» አሉ። ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው «እንግዲህ እሱም ሰው ነው» ብለው ውኃ ሊያመጡለት ወደ ጓዳ ገቡ፤ ለተቃጠለው ጣቱ። ወርቁ ውኃው ውስጥ እጁን ነክሮ ሲቀመጥ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ምድጃውን በአንሶላው መልሶ ጠቀለለው፤ ይዞት ወረደ፤ ቤቱ ሲደርስ አልጋ ሥር ከተተው።

ነገሩ እዚያው ቀርቶ ቢሆን ምናልባት ይረሳው ነበር። ሰው ብዙ ነገር ይረሳል። ግን እትዬ ትርንጎ ነገር የሚረሱ ሴት አይደሉም። በሳምንቱ ልጃቸው ኪሩቤል፣ የንግሥት ታላቅ ወንድም፣ ከደብረ ብርሃን ደወለ። «ወርቁ፣ እናታችንን አተረፍክልን። ውለታህን እንዴት እንደምንመልስ አናውቅም» አለው። ወርቁ «ኧረ ምንም አይደል» አለ። ስልኩን ቶሎ ዘጋው። ቀጥሎ ከንግሥት የሰማው ባሰበት። እትዬ ትርንጎ ሰው አስጠርተው የጋሽ ታከለን ገመድ ከዳር እስከ ዳር አስነቅለውታል። ሌላ እስኪዘረጋ ድረስ በእጅ ባትሪ ነው የሚያመሹት። ለጠየቃቸው ሁሉ «ባሌ በእሳት ሊያስፈጀኝ ነበር፤ አማቼ አዳኑኝ» ይላሉ።

ንግሥት ይህን ስታወራ ፊቷ ያበራ ነበር። ለግቢው ሁሉ አወራችው። ወርቁ ከሥራ ሲመለስ ሰው «ጎሽ!» እያለ ይቀበለዋል። እሱ ደግሞ ምስጋና በሰማ ቁጥር ያንን ጥቁር መስመር ያየዋል። ካቻቢቴውን ማየት አስጠላው። የሰው ማራገቢያ ሲመጣ «ጊዜ የለኝም» ይላል፤ አንሶላው ግን ደርቆ ተጣጥፎ አልቋል፣ እሱ ጓሮው ውስጥ ባዶ ገመድ እያየ ተቀምጧል። አፍሯል፤ ሌላ ስም የለውም። ማፈሩንም የሚያውቅ ሰው ባለመኖሩ ይበልጥ ያፍራል።

አንድ ከሰዓት ራቢዓ በሯ ላይ የሳንቡሳ ሊጥ እየዳመጠች ጠራችው።

«ወርቁ፣ አማትህን አላህ አተረፋቸው አሉ። አልሐምዱሊላህ።»

«አዎ፣ ተርፈዋል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ እንጂ። እኔን ጧት እንዳትሰኪው ብለህ አስምለኸኝ የለ? ደብረ ሲና ደግሞ መብራቱ ቀኑን ሙሉ እንደኛ ጧት ነው ሲሉ ሰማሁ። ለሳቸውም ነግረሃቸው ነበር አይደል?»

ወርቁ የሊጡን መዳመጫ አየ። «ነግሬያቸዋለሁ» አለ።

«ወላሂ እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት። ሴቶቹ ሲያወሩ፣ ወርቁ እንዲህ ያለውን አይረሳም አልኳቸው።» ይህን ብላ ሳንቡሳ አንስታ ሰጠችው። ወርቁ ሳንቡሳዋን ይዞ ቤቱ ገባ። ሊበላት አልቻለም። እንግዲህ ሁለት ሆነ፤ የመጀመሪያውን ደንግጦ ነው ይባል፣ ሁለተኛውን ግን ሳይደነግጥ ነው የዋሸው።

በዚያ ሳምንት ከሆቴሉ ፈቃድ ወስዶ ወደ ደብረ ሲና ወጣ። የነበረው ሐሳብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እውነቱን ለመናገር አልነበረም። አዲስ ገመድ ይዞ ሄደ። ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አሳምሮ ሊዘረጋ፣ በላቡ ሊክስ፣ ከዚያም ምንም ሳይል ሊወርድ ነበር። እንዲህ ቢያደርግ ነገሩ ይዘጋል ብሎ ራሱን አሳምኖ ነበር።

እትዬ ትርንጎ ተነሡለት። ግድግዳው ላይ ገመዱ የነበረበት ቦታ የችንካር ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ጥቁሩን መስመር በአመድና በጭቃ ሊለቀልቁት ሞክረው ነበር፤ አልለቀቀም። ገመዱን ሲያሳያቸው እጃቸውን አወራጩ። «አይሆንም! እርስዎ እጅዎ የተቃጠለው አንሶ? ኪሩቤል ሰው ይዞ ይመጣል። የእርስዎ ለራስዎ ቤት ይሁን።» እንጀራ አቀረቡ፣ አጎረሱት፣ ስለ ጣቱ ጠየቁት። ሊሄድ ሲነሣ «ቆዩማ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡና የጨርቅ ከረጢት ይዘው ወጡ። ከባድ ነበር።

«የታከለ ገመድ ነው» አሉ። «መጣል ሆዴ እምቢ አለኝ። ቤት ውስጥ ሳየው ደግሞ ያናድደኛል። እርስዎ ልብስ የሚያሰጡ ሰው ነዎት፤ ማስጫ ይሁንልዎ። እሱ ቢያጠፋም ገመዱ ለአንድ ደግ ነገር ይዋል። እኔን እንዳዳኑኝ እርስዎንም እመቤቴ ታድንዎት።»

ወርቁ በሁለት እጁ ተቀበለ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ወጣ።

ሚኒባስ ውስጥ ከረጢቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ አፉ ተከፍቶ ገመዱ ታየው። አወጣና በጣቱ ዳሰሰው። የተቃጠለችው ከሶኬቱ በላይ የነበረችው ክንድ የማትሞላ ቁራጭ ብቻ ናት። ሌላው ወፍራም፣ ንጹሕ፣ ጤነኛ ገመድ ነው፤ እሱ ይዞ ከወጣው አዲስ ገመድ ይሻላል። በየእርምጃው ችንካሩ የጨበጠበት ምልክት አለ፣ አንዱም አልተዛነፈም። አንድ ሰው በእረፍት ቀኑ መሰላል ላይ ቆሞ እየለካ፣ ለሚስቱ ብሎ የሠራው ሥራ ነው። ወርቁም ለአማቱ ብሎ ሠርቷል። ልዩነቱ ጋሽ ታከለ ሊታዩበት አልነበረም የሠሩት። በዚህ ገመድ ላይ የሆቴል አንሶላ ሊያሰጣ ነው።

መሃል መንገድ ላይ ያለችው አርማንያ ሲደርሱ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ረዳቱ «ሮቢት ነው ያልከኝ» አለው። ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ላይ የሚሄድ መኪና መጠበቅ ጀመረ።

እትዬ ትርንጎ በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅሙ ነበር። ከረጢቱን እንደያዘ ሲያዩት ደነገጡ፤ ሰፌዱን አስቀምጠው ሊነሡ ሲሉ «አይነሡ» አላቸው። «እባክዎ እትዬ፣ አይነሡልኝ።»

ቆሞ ነው የነገራቸው። ዓይኑን ሰፌዱ ላይ ተክሎ፣ ምላሱ እየተሳሰረ፣ ሽቦውን ማሳጠሩን፣ ጧት የሆነውን፣ ለጎረቤት ሁሉ ሲያስጠነቅቅ ለእሳቸው አለመንገሩን፣ ሁሉንም ነገራቸው። «ገመዱ ምንም አልነበረበትም። ሌላ ሰው የሠራው ምድጃ ቢሆን ገመዱ እስከ ልጅ ልጅ ያገለግል ነበር።»

እትዬ ትርንጎ አላቋረጡትም። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት። «ያን ቀን፣ ገመዱ ነው ሲሉኝ፣ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሊቆጡ፣ ሊያባርሩት፣ ቢያንስ አንተ ሊሉት ይችላሉ ብሎ ጠበቀ። አንቱታቸውን እንኳ አልቀነሱበትም። ይሄኛው ነው ይበልጥ ያሳፈረው። ከሰፌዱ ላይ ምስር አንስተው በጣታቸው መሃል እያሹ ቆዩ።

«በማግስቱ መቃብሩ ሄጄ ወቅሼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «'በቁምህ ሠራሁልሽ እያልክ ስታኮራኝ፣ ለካ ልታቃጥለኝ ኖሯል!' ብዬዋለሁ። ከተጋባን ጀምሮ ታከለን ክፉ ተናግሬው አላውቅም። ጠላት እንኳ ሲቆጣው እኔ ነበርኩ የምመልስለት። መልስ በማይሰጥበት ቦታ ተኝቶ ሳለ ተናገርኩት።»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ።»

«እኔማ ሰማሁ፤ ነገሩኝ። ለእሱ ማን ይነግረዋል?»

ነጠላቸውን አጣፉ። ዘንጋቸውን አነሡ። ወርቁ ምን እንደፈለጉ የገባው መንገዱን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያቀኑ ነው። ከረጢቱን እንደያዘ ተከተላቸው። ከሰፈሩ ሳይወጡ ማርታ አገኘቻቸው፤ ያን ቀን ቆጣሪውን ያጠፋችው። «ይኸው መጣ፣ የትርንጎ አዳኝ!» አለች እጇን ዘርግታ። ወርቁ እጇን ሊጨብጥ አልቻለም።

«ታከለ ጋ እየሄድን ነው» አሏት እትዬ ትርንጎ። «ወርቁ የሚነግሩት ነገር አላቸው። ያን ቀን አንቺም ነበርሽ፤ ነይ አብረሽ ስሚ።» በየበሩ ያገኟቸውን ማኅበርተኞች እንዲሁ እያሉ ጠሩ። አንዳቸውንም አልቆጡ፣ ምክንያቱንም አልነገሩ። መቃብሩ ሲደርሱ ያን ቀን ግድግዳውን ተደግፈው ከነበሩት ሴቶች የሚበዙት ከኋላው ነበሩ።

የጋሽ ታከለ መቃብር ከዋርካው በታች፣ ተራ የድንጋይ ክምር ነው። ወርቁ ፊት ለፊቱ ቆመ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ እፍረት ሰው ተሸክሞ ይቆማል ብሎ አያውቅም ነበር።

«ጋሽ ታከለ» አለ በለሆሳስ። «ገመድዎ ምንም አልነበረበትም...»

«ጮክ ይበሉ» አሉ እትዬ ትርንጎ ከጎኑ። «በመጨረሻው ጊዜ ጆሮው ከብዶት ነበር።»

ወርቁ ዞሮ አያቸው። አልቀለዱም። ዓይናቸው ድንጋዩ ላይ ነው።

ጉሮሮውን ጠረገና ጮኸ። «ጋሽ ታከለ! ገመድዎ ምንም አልነበረበትም! ምድጃው ነው! እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት!» በአጥሩ በኩል የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ዞሩ፤ አንድ ቄስም ከቤተ ልሔሙ በር ብቅ አሉ። ወርቁ አላቆመም። ስለ ፒንሳው፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ጧቱ መብራት፣ አንድ በአንድ እየጮኸ ነገራቸው።